ቢርካን በአንድ ቀን፦ የቫይኪንጎችን መቃብርና ሙዚየም አይቶ የመመለስ መመሪያ

ቢርካ ከስቶክሆልም በስተ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሜላረን ሐይቅ ውስጥ በምትገኘው የቢዮርኮ ደሴት ላይ የነበረች የቫይኪንጎች (የጥንት ስካንዲናቪያ ባሕረኞች) የንግድ ከተማ ናት። ከ750 ገደማ እስከ 975 ገደማ ኖረች፤ ከዚያ ጠፋች (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከከተማዋ ከመሬት በላይ የቀረ ቤት የለም። የቀሩት ሙታኖቿ ናቸው። በደሴቲቱ ላይ ወደ 3,000 የሚጠጉ መቃብሮች እንዳሉ ይገመታል፤ ሄምላንደን በተባለው መስክ ብቻ 1,600 ያህል ጉብታዎች በበርች ዛፎች መካከል ተኮልኩለዋል። ዩኔስኮ በ1993 በጎረቤት ደሴት ካለው ሆቭጎርደን ከተባለው የንጉሥ መኖሪያ ጋር በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል።

ከቢርካ ቅር ብሏቸው የሚመለሱ ሰዎች አሉ። ቅሬታቸውም አንድ ዓይነት ነው፦ «ሣርና ጉብታ ብቻ ነው፤ ምን አለው?» አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የቅደም ተከተል ነው። የቢርካ መቃብር ከላይ ሲያዩት ምንም አይናገርም፤ ምን እንደሚፈልጉ አውቀው ሲደርሱ ግን እያንዳንዱ ጉድጓድና ድንጋይ ትርጉም ይኖረዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሙዚየሙ ሞዴል፣ ቀጥሎ መሬቱ፣ በመጨረሻ በሌላ ቀን ስቶክሆልም ውስጥ ያሉት ዕቃዎች። ይህን ቅደም ተከተል ይያዙ።

ቀኑን መምረጥ

መደበኛው የቱሪስት ጀልባ ከስቶክሆልም የሚሄደው በፈረንጆቹ ከግንቦት (ሜይ) እስከ መስከረም (ሴፕቴምበር) ባለው ወቅት ነው። ሐምሌ ላይ ጉዞው ይበዛል፤ ሰውም ይበዛል። ለመቃብሩ ብለው ከሄዱ ግን የፈረንጆቹ ግንቦት አጋማሽ ወይም መስከረም ይሻላል። ምክንያቱ ሁለት ነው። በግንቦት ሣሩ ገና አጭር ስለሆነ ዝቅተኛዎቹ ጉብታዎችና የድንጋይ ክቦቹ አይሸፈኑም። በመስከረም ደግሞ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ከጎን ስለምታበራ እያንዳንዱ ጉብታ ጥላ ይጥላል። በሐምሌ እኩለ ቀን ብርሃኑ ከአናት ሲወርድ መስኩ ጠፍጣፋ ይመስላል። በወቅቱ መጀመሪያና መጨረሻ ግን ጀልባው በየቀኑ ላይሄድ ስለሚችል፣ ቀኑን ከመወሰን በፊት የጀልባ ድርጅቱን የጊዜ ሰሌዳ ይዩ።

ለጾመኛ አንድ ነገር፦ ጾመ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ሲገባ በፈረንጆቹ ኦገስት 7 ነው፤ ልክ የወቅቱ እምብርት ላይ ይውላል። በደሴቲቱ ላይ ምግብ ቤት አለ፤ የጾም ምግብ ምርጫው ግን ጠባብ ሊሆን ይችላል። ምሳ ቋጥሮ መሄድ ይበጃል። ሽሮ ፍትፍት በክዳን ዕቃ፣ ውሃ በሰው ቢያንስ 1 ሊትር። የሚበላው ወደቡ አካባቢ እንጂ በጉብታዎቹ ላይ ተቀምጦ አይደለም።

ቲኬት መቁረጥና በስም አለመሳሳት

«ቢርካ» ብለው ሲፈልጉ በዚያው ስም የሚጠራ ትልቅ የባልቲክ ባሕር የመዝናኛ መርከብ ይመጣል። ያ ወደ ኦላንድ ደሴቶች የሚሄድ ነው፤ ከቫይኪንግ መቃብር ጋር ግንኙነት የለውም። በካርታ ላይ ደግሞ «ቢዮርኮ» ብለው ቢጽፉ ስሙ «የበርች ደሴት» ማለት ስለሆነ ስዊድን ውስጥ ብዙ ቦታ ያገኛሉ። አንዱ ጎተንበርግ አጠገብ፣ ሌላ ባሕር ዳርቻ ላይ ነው። ትክክለኛው በኤከሮ ወረዳ፣ በሜላረን ሐይቅ ውስጥ ያለው ነው።

ጀልባው የሚነሳው ከስቶክሆልም ማዘጋጃ ቤት፣ ማለትም ባለ ሦስት ዘውድ ማማ ካለው ከስታድስሁሴት ሕንፃ አጠገብ ነው። ከቴ-ሴንትራለን የምድር ባቡር ጣቢያ በእግር 10 ደቂቃ ያህል ነው። ከተማው ውስጥ ሌሎች ብዙ የጀልባ መሳፈሪያዎች ስላሉ፣ በተለይ ከንጉሡ ቤተ መንግሥት ወይም ከኒብሮፕላን ፊት ለፊት ቆመው እንዳይጠብቁ። እነዚያ ወደ ባልቲክ የሚወጡ ናቸው፤ ሜላረን በሌላው በኩል ነው።

ቲኬት ሲቆርጡ ሦስት ነገር ያረጋግጡ፦ የሙዚየም መግቢያ መካተቱን፣ አስጎብኚ መካተቱንና አስጎብኚው በየትኛው ቋንቋ እንደሚናገር (ብዙውን ጊዜ ስዊድንኛ ወይም እንግሊዝኛ ነው)፣ በመጨረሻም የመመለሻው ጀልባ ሰዓት። ክፍያ በካርድ ያዘጋጁ። ስዊድን ውስጥ ሱቆች ጥሬ ገንዘብ አንቀበልም ማለት ይችላሉ፤ ስዊሽ የተባለው የስልክ ክፍያ ደግሞ የስዊድን ባንክ ሒሳብ ለሌለው እንግዳ አይሠራም።

ሰዓቱን ለቤተሰብ ሲናገሩ ይጠንቀቁ። ቲኬቱ ላይ 09:30 ቢል በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3፡30 ነው። ከአገር ቤት ለመጡ እናት «ዘጠኝ ተኩል እንገናኝ» ብለው ከነገሩ፣ እሳቸው የሚመጡት ጀልባው ደሴቲቱን ጨርሶ በመመለስ ላይ ሳለ ነው። መመለሻውም 14:30 ቢል ከቀኑ 8፡30 ነው። ሁለቱንም በወረቀት ጽፈው ይስጧቸው።

መሄጃው 2 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ መመለሻውም እንደዚያው። በደሴቲቱ የሚቀርልዎ ከ3 ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ድልድይ የለም፤ የመጨረሻው ጀልባ ካመለጠ ጣጣው ብዙ ነው።

የሚያዝ ነገር

ዘግቶ የሚይዝ ጫማ፣ ረጅም ሱሪ፣ ነፋስ የሚከለክል ጃኬት። ከተማው ውስጥ ሞቃት ቢሆንም ሐይቁ ላይ ይበርዳል። ትንንሽ ጎማ ያለው የሕፃን ጋሪ በሣሩና በጠጠሩ ላይ ይያዛል፤ ሕፃኑን ማዘል ይቀላል። ኮረብታው ላይ ወዳለው ጥንታዊ ምሽግ የሚወጣው መንገድ ዳገትና ዓለት ስላለው ጉልበት የሚያማቸው ሰዎች ሙዚየሙንና ቅርቡን መስክ ብቻ ቢያዩ አይከፋቸውም።

ቀጭን ወረንጦ ወይም የመዥገር ማንሻ አይርሱ። የስቶክሆልም አካባቢ ሣር መዥገር አለው፤ በሽታውም ሁለት ነው። አንዱ ቦሬሊያ ሲሆን በአንቲባዮቲክ ይታከማል። ሌላው ቴቤኤ የተባለ የአንጎል ብግነት የሚያመጣ ቫይረስ ነው፤ እሱን የሚከላከለው ክትባት ብቻ ነው። ክትባቱ የመጀመሪያዎቹ ሁለት መርፌዎች ከ1 እስከ 3 ወር ተራርቀው ስለሚሰጡ በጉዞው ዋዜማ የሚታሰብ ነገር አይደለም። ሱሪዎን ካልሲ ውስጥ ይክተቱ፤ ከመንገዱ አይውጡ።

በደሴቲቱ ላይ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት

ከጀልባ እንደወረዱ ሰው ሁሉ ወደ ምሽጉ ይሮጣል። እርስዎ ወደ ሙዚየሙ ይግቡ። የአስጎብኚው ጉዞ ወዲያው የሚነሳ ከሆነ ግን ከእሱ ጋር ሂዱና ሙዚየሙን በኋላ ያድርጉት፤ ጥሩ አስጎብኚ ሞዴሉን ይተካል።

ሙዚየሙ ትንሽ ነው፤ ወርቅና ሰይፍ የሞላበት አዳራሽ አይጠብቁ። ከመቃብሮቹ የወጡት ዋና ዋና ዕቃዎች ስቶክሆልም ናቸው። እዚህ የሚፈለገው የከተማዋ ሞዴል ነው። ከፊቱ ቆመው አራት ነገር ይለዩ። አንደኛ የውሃው ጠርዝ፦ በቫይኪንጎች ዘመን ሜላረን ሐይቅ ሳይሆን የባልቲክ ባሕር ሰላጤ ነበር፤ ውሃውም ከዛሬው 5 ሜትር ያህል ከፍ ይል ነበር። መሬቱ ከበረዶ ዘመን በኋላ ቀስ እያለ ከፍ ስላለ ውሃው ሸሸ። ዛሬ ወደቡ ሣር ላይ መቅረቱ ከዚህ የተነሳ ነው። በደቡብ በኩል በሶደርቴልየ የነበረው የመርከብ መንገድ መጥበቡም ለከተማዋ መጥፋት ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ነው፤ ንግዱ ሲግቱና ወደተባለች ከተማ ሄደ። ሁለተኛ ቤቶቹ የተጠጋጉበት ቦታ፤ ሦስተኛ ከተማዋን የከበበው የአፈር ካብ፤ አራተኛ ምሽጉ ያለበት ኮረብታ። መቃብሮቹ ከካቡ ውጭ እንዳሉ ልብ ይበሉ። ሕያዋን ከውስጥ፣ ሙታን ከውጭ፤ ወደ ከተማዋ በየብስ የሚመጣ ሰው በሙታን መካከል አልፎ ነበር የሚገባው።

በጥቁሩ አፈር ላይ ማለፍ

ወደ መቃብሮቹ ሲሄዱ እርሻ የመሰለ ሜዳ ያቋርጣሉ። ስሙ ጥቁሩ አፈር ነው፤ ስፋቱ 7 ሄክታር ያህል ነው። ከ200 ዓመት በላይ ሰው የጣለው ከሰል፣ አጥንት፣ የምግብ ፍርፋሪና ፍግ ተደራርቦ አፈሩን አጠቆረው። ማለፊያ ብቻ ቢመስልም የታሪኩ መነሻ እዚህ ነው። ያልማር ስቶልፔ የተባለ የእንስሳት ጥናት ሰው በ1871 ወደ ደሴቲቱ የመጣው አምበር ፍለጋ ነበር፤ አምበር ማለት ከጥንት የዛፍ ሙጫ የተፈጠረ፣ አንዳንዴም ነፍሳት በውስጡ የታተሙበት ነው። ዝንብና ጉንዳን ሊያጠና አምበሩን በአፈሩ ውስጥ ከሚገባው በላይ አገኘው። አምበሩ በተፈጥሮ የመጣ ሳይሆን ሰው ለንግድ ያመጣው መሆኑን ሲረዳ ነፍሳቱን ትቶ እስከ 1895 ድረስ እየተመላለሰ 1,100 ያህል መቃብሮችን ቆፈረ። እያንዳንዱን ቁጥር ሰጥቶ ባለ አራት ማዕዘን መስመር ባለው ወረቀት ላይ ሣለው። ዛሬ ስለ ቢርካ ሙታን የምናውቀው አብዛኛው ነገር የቆመው በእነዚያ ሥዕሎች ላይ ነው።

ሄምላንደን፦ መቃብሩን ማንበብ

እዚህ ቢያንስ 1 ሰዓት ከሩብ ይስጡት። መጀመሪያ ቆም ብለው ዓይንዎን ያለማምዱ፤ ጎንበስ ብለው በመሬቱ ደረጃ ሲያዩ ከቆሙበት ያልታዩ ጉብታዎች ብቅ ብቅ ይላሉ። ፎቶም ሲያነሱ ከዚህ ከፍታ ነው፤ ቁመው ወደ ታች ያነሱት ፎቶ ሣር ብቻ ያሳያል።

ክብ ጉብታ ካዩ፣ ብዙውን ጊዜ ከሥሩ ያለው አመድ ነው። ሟቹ ከነልብሱና ከነጌጡ፣ አንዳንዴም ከውሻና ከፈረስ ጋር በእንጨት ክምር ላይ ይቃጠላል። ከዚያ አጥንቱ ተለቅሞ በሸክላ ማሰሮ ይገባል። በላዩ የቶር፣ ማለትም የቫይኪንጎች የነጎድጓድ አምላክ፣ ትንንሽ መዶሻ የተንጠለጠለበት የብረት ቀለበት ይደረግ ነበር። መጨረሻ ላይ ድንጋይና አፈር ይከመርበታል። ስለዚህ በጉብታ ውስጥ የተኛ አጽም አለ ብለው አያስቡ።

አናቱ እንደ ሳህን የጎደጎደ ጉብታ ካዩ፣ ወንበዴ የዘረፈው ነው ለማለት አይቸኩሉ። ብዙው የስቶልፔ ቁፋሮ ጠባሳ ነው። ጉብታ ሳይኖር በጠፍጣፋው መሬት ላይ አራት ማዕዘን የሆነ ዝቅታ ካገኙ ግን ሌላ ነገር ነው፦ የእንጨት ክፍል መቃብር። መሬቱ ተቆፍሮ እንደ ትንሽ ቤት በእንጨት ይሠራል፤ ሟቹ ሳይቃጠል፣ አንዳንዴም ተቀምጦ፣ ከዕቃው ጋር ይገባል፤ ጣሪያ ይደረግበታል። ጣሪያው ሲበሰብስ አፈሩ ወደ ውስጥ ሰመጠ። ሀብታሞቹ መቃብሮች በአብዛኛው እነዚህ ናቸው፤ ሐርና የአረብ የብር ሳንቲም የወጣውም ከዚህ ዓይነቱ ነው። በአጭሩ፣ በቢርካ ትልቁ ጉብታ ትልቁ ሀብት ማለት አይደለም።

የድንጋይ ቅርጾችም አሉ፦ ክብ፣ የመርከብ ቅርጽ፣ ጎኖቹ ወደ ውስጥ የታጠፉ ሦስት ማዕዘን። ድንጋዮቹ ግማሽ ተቀብረው ስለሚገኙ አንዱን ጥግ ካገኙ ቀጥሎ ያሉትን በዓይን እየተከተሉ ቅርጹን ይጨርሱ። ምንም ምልክት የሌላቸው ደግሞ ከእግርዎ በታች ናቸው፦ በሬሳ ሣጥን የተቀበሩ፣ ሣጥኑ በስብሶ የብረት ምስማሮቹ ብቻ በመስመር የቀሩ።

አሁን ትልቁ ስሕተት። ከቅርጹ ወይም ከዕቃው ተነስቶ «ይህ የወንድ ነው፣ ያ የሴት ነው» ማለት ቀላል ይመስላል። ስቶልፔ በ1878 የቆፈረው ቁጥር 581 መቃብር ከምሽጉ ደጅ፣ ከጦር ሰፈሩ አጠገብ የነበረ ነው። በውስጡ ሰይፍ፣ መጥረቢያ፣ ጦሮች፣ ቀስቶች፣ ሁለት ጋሻ፣ ሁለት ፈረስና የሰሌዳ ጨዋታ ጠጠሮች ነበሩ። ከመቶ ዓመት በላይ የወንድ የጦር አለቃ መቃብር ተብሎ ተጠራ። በ2017 የወጣው የዲኤንኤ ጥናት ግን አጽሙ የሴት መሆኑን አሳየ። ተዋጊ ነበረች ወይስ በሌላ ምክንያት የጦር ዕቃ ተቀበረላት በሚለው ላይ ምሁራን አሁንም ይከራከራሉ፤ የአጽሙ ፆታ ግን አያከራክርም። አስጎብኚው ይህን መቃብር ካላሳየዎት ይጠይቁ።

ሲራመዱ በጉብታዎቹ መካከል ባለው መንገድ ይሂዱ፤ ላያቸው ላይ አይውጡ። ጉዳዩ የአክብሮት ብቻ አይደለም፤ የሣሩ ሥር በጫማ ሲላጥ አፈሩ በዝናብ ይታጠባል፣ ጉብታውም ቀስ በቀስ ይወርዳል። ልጆች ተንከባልለው ሊወርዱበት ይፈልጋሉ፤ አስቀድመው ይንገሯቸው። ሣሩን የሚግጡት በጎችና ከብቶች ናቸው፤ የከፈቱትን አጥር ይዝጉ።

ጠጠርም ይሁን የሸክላ ስባሪ አያንሱ። በስዊድን የቅርስ ሕግ ጥንታዊ መቃብር መቆፈር፣ ማንቀሳቀስም ሆነ ማበላሸት ወንጀል ነው፤ ብረት መፈለጊያ መሣሪያም ያለ አውራጃው አስተዳደር ፈቃድ መጠቀም አይቻልም። አንድ ነገር መሬት ላይ ወጥቶ ካዩ እንዳለ ትተው፣ ቦታውን ፎቶ አንስተው ለሙዚየሙ ሠራተኞች ያሳዩ። ዶቃዋ ከቦታዋ ከተነሳች ከየትኛው መቃብር እንደወጣች ማወቂያ መንገድ የለም።

ምሽጉና መስቀሉ

ከመቃብሩ በኋላ 45 ደቂቃ ለምሽጉ ይበቃል። ከላይ ሆነው ሲያዩ ሞዴሉ ላይ የለዩዋቸው አራት ነገሮች ሁሉ በአንድ እይታ ይገጥማሉ፤ የወጡትም ለዚህ ነው። በአናቱ ላይ ያለው የድንጋይ መስቀል ብዙ ሰው ያሳስታል። የጥንት አይደለም፤ በ829 ገደማ ወንጌል ሊሰብክ ወደ ቢርካ ለመጣው መነኩሴ አንስጋር መታሰቢያ በ1834 የቆመ ነው። በደሴቲቱ ያለው የአንስጋር ጸሎት ቤትም በ1930 የተሠራ ነው። የዚያን ዘመን ክርስትና ማየት ከፈለጉ ምልክቱ በመቃብር ውስጥ ነው፤ ከአንዳንዶቹ ትንንሽ የብር መስቀሎች ወጥተዋል፤ ቶርን የሚጠሩና መስቀል ያሰሩ ሰዎች በአንድ መስክ አርፈዋል።

ጀልባው ከመነሳቱ 20 ደቂቃ ቀድመው ወደቡ ላይ ይገኙ።

በዚያው ምሽት

ቤት ሲገቡ ገላዎን ይፈትሹ፦ ጉልበት ጀርባ፣ ብብት፣ ጭን መካከል፤ የልጆችን ደግሞ ከጆሮ ጀርባና ከፀጉር ሥር። መዥገር ካገኙ በወረንጦ ቆዳውን ተጠግተው ይያዙና ቀጥ አድርገው ይሳቡ። ቅቤ፣ ዘይት ወይም አልኮል አይቀቡት፤ በክብሪትም አይለብልቡት። ሲታፈን ወይም ሲቃጠል በውስጡ ያለውን ወደ ቁስሉ ሊተፋ ይችላል። በቀጣዮቹ ሳምንታት በንክሻው ዙሪያ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ ከታየ፣ ወይም ትኩሳትና ብርቱ ራስ ምታት ከመጣ፣ በስልክ ቁጥር 1177 የስዊድን የጤና ምክር ይገኛል።

በሌላ ቀን፦ ዕቃዎቹን ማየት

የቢርካ ጉብኝት ሳይጠናቀቅ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ክፍል ይዘለዋል። ስቶክሆልም ውስጥ ካርላፕላን ከተባለው የምድር ባቡር ጣቢያ በቅርብ ርቀት የስዊድን ታሪክ ሙዚየም አለ። ከስቶልፔ ቁፋሮ የወጡት ዕቃዎች የሚገኙት እዚያ ነው፦ ሴቶቹ በሁለቱ ትከሻ በታች የሚያደርጓቸው ሞላላ የልብስ ማያያዣዎች፣ በመካከላቸው የሚሰካኩት ዶቃዎች፣ የብር ሳንቲሞች፣ የሰይፍ እጀታዎች። ልጆች ካሉ «የቢርካ ልጅ» የምትባለውን ትንሽ ልጅ መቃብር ይፈልጉላቸው፤ ከተቀበሩት ሁሉ ቶሎ የምትገባቸው እሷ ናት።

በመግለጫዎቹ ላይ ከዕቃው አጠገብ የመቃብር ቁጥር ይጻፋል፤ ከቁጥሩ ፊት የቢዮርኮ ስም ምሕጻር አለ። ያ የስቶልፔ ቁጥር ነው። ቁጥሩን በስልክዎ ይመዝግቡና በሙዚየሙ የኢንተርኔት ማኅደር ይፈልጉት፤ ስቶልፔ መቃብሩን ሲከፍት የሣለው ንድፍ፣ አጽሙ የት እንደተኛና እያንዳንዱ ዕቃ በየት በኩል እንደነበረ ሊያሳይዎት ይችላል።